ማታዶር ጋ አትቅሩ፦ ሺን ሜጋሚ ቴንሴይ 3 ኖክተርንን እንዴት መጫወት ይቻላል?

ኖክተርንን የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው። ከጊንዛ ወደ ኢኬቡኩሮ በሚወስደው የመሬት ውስጥ መተላለፊያ፣ ቀይ ጨርቅና ሰይፍ ይዞ የሚጠብቅ አፅም አለ። ማታዶር ይባላል። እዚያ የደረሰ ጀማሪ ይመታና ይወድቃል። ተመልሶ ሌቭሉን፣ ማለትም የጥንካሬ ደረጃውን ያሳድጋል። እንደገና ይወድቃል። ከዚያ በኋላ «ይሄ ጌም ፍትሕ የለውም» ብሎ ይዘጋዋል።

ችግሩ ግን ሌቭል አይደለም። ሌሎች የጃፓን ሮል ፕሌይንግ ጌሞች ላይ ሲከብደን ወጣ ብለን ደካማ ጠላት እየመታን እንጠነክራለን፤ ለምደነዋል። ኖክተርን ላይ ይህ ልማድ ብዙም አያዋጣም። አምስት ሌቭል ጨምሮ ያልተዘጋጀ ሰው፣ ምንም ሳይጨምር በደንብ ከተዘጋጀው ይበልጥ ይቸገራል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ ዝግጅት ነው።

መጀመሪያ ጌሙ ምን እንደሆነ ባጭሩ። አትለስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2003 ለፕሌይስቴሽን 2 አወጣው። አሜሪካ የገባው በ2004 ነው። አንድ ተማሪ ሺንጁኩ ያለ ሆስፒታል መምህሩን ሊጠይቅ ይሄዳል። እዚያው እያለ ዓለም ያልቃል። ይህ የሚሆነው ገና መጀመሪያው ላይ ነው፤ ዓለምን ማዳን የሚባል ነገር የለም፣ አልፏል። ቶኪዮ ወደ ውስጥ ተጠቅልላ ኳስ ሆናለች። መሐሏ ላይ ካጉትሱቺ የሚባል ብርሃን ተንጠልጥሏል። ልጁም ግማሽ ሰው ግማሽ ጋኔን ሆኖ ይነቃል። ሺቡያ ብትሄዱ፣ ጊንዛ ብትሄዱ ሰው የለም። ያሉት ነፍሳት፣ አጋንንትና ከጭቃ የተሠሩ ማኒኪን የሚባሉ ፍጡራን ናቸው። የካዙማ ካኔኮ ሥዕሎችና የሾጂ ሜጉሮ ሙዚቃ ይህን ባዶነት በደንብ ይዘውታል። ፐርሶናን የሠራው ይኸው ኩባንያ ነው፤ ነገር ግን የፐርሶናን ጓደኝነትና የትምህርት ቤት ጨዋታ ፈልጋችሁ ከመጣችሁ እዚህ አታገኙትም።

አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር። በጌሙ ውስጥ ከጎናችሁ የሚሰለፉት አጋንንት ከየሃይማኖቱና ከየአፈ ታሪኩ የተሰበሰቡ ናቸው። የሂንዱ አማልክት አሉ፣ የጃፓን መናፍስት አሉ፣ ሚካኤልና ገብርኤልም አሉ። ጌሙ ሁሉንም «ጋኔን» በሚል አንድ ስም ነው የሚጠራቸው። ለእኛ አገር ሰው ይህ ሊከብድ ይችላል። ቤት ውስጥ እናታችሁ ስክሪኑን የምታይ ከሆነ ለጥያቄ ተዘጋጁ። የማይመቸው ሰው ቢተወው አልፈርድበትም።

1. የትኛውን ቅጂ፣ በምን ክብደት?

የታደሰው ቅጂ በጃፓን በ2020፣ በተቀረው ዓለም ደግሞ በግንቦት 2021 ወጥቷል፤ ሁለቱም በፈረንጆች አቆጣጠር። በፕሌይስቴሽን 4፣ በስዊችና በኮምፒውተር ይሠራል። እሱን ያዙ። ዋናው ምክንያት ምስሉ አይደለም። በድሮው ቅጂ ሁለት አጋንንት ቀላቅላችሁ አንድ አዲስ ስትሠሩ፣ አዲሱ የሚወርሰውን ስኪል (ችሎታ) ጌሙ በዕጣ ነበር የሚያወጣው፤ የምትፈልጉት እስኪመጣ ገብቶ መውጣት፣ ገብቶ መውጣት ነበር። አሁን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ከዚህ ሌላ፣ ድሮ ሴቭ የሚደረገው ተርሚናል በሚባሉት ቦታዎች ብቻ ነበር። አሁን የትም ቦታ ላይ ሆናችሁ ለጊዜው ማቆም ትችላላችሁ። መብራት እንደልቡ በሚሄድበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ክብደቱን ኖርማል ላይ አድርጉት። መርሲፉል የሚባል ቀላል ደረጃም አለ፣ በነፃ የሚወርድ። ታሪኩን ብቻ ማየት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው። ግን መርሲፉል ላይ ውጊያው ሳይገባችሁ ያልፋል፣ የዚህ ጌም ጣዕም ደግሞ ውጊያው ነው። ሃርድን ለሁለተኛ ጊዜ አስቀምጡት።

2. ሆስፒታሉን ትምህርት ቤት አድርጉት

ሆስፒታሉ ውስጥ ስትነቁ ፒክሲ የምትባል ትንሽ ክንፋም ፍጡር ትቀላቀላችኋለች። ዚዮ የሚባል የመብረቅ ጥቃት አላት፣ ትፈውሳለችም። ከሕንጻው ሳትወጡ የሚገጥማችሁ ቦስ፣ ማለትም ዋና ጠላት፣ ፎርኔየስ ነው፤ የበረዶ ጥቃት ያለው፣ መብረቅን መቋቋም የማይችል። ጌሙ መልሱን እጃችሁ ላይ አስቀምጦ ነው ጥያቄውን የሚጠይቃችሁ። ስለዚህ እዚህ አትቸኩሉ፤ የተራ አሠራሩ እስኪገባችሁ ቆዩ።

አሠራሩ ይህ ነው። ስክሪኑ ላይ ከላይ በኩል የተራ ምልክቶች ይታያሉ። በቡድናችሁ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ተዋጊ አንድ ምልክት አለ፤ አራት ከሆናችሁ አራት። ተራ ጥቃት አንድ ሙሉ ምልክት ይበላል። የጠላትን ድክመት ከመታችሁ ወይም ክሪቲካል (ከወትሮው የከበደ ምት) ከወጣ ግን ግማሽ ብቻ ይበላል፤ ምልክቱ ብልጭ ድርግም እያለ ይቆያል፣ በእሱ እንደገና ትመታላችሁ። በአራት ምልክት እስከ ስምንት ጊዜ መንቀሳቀስ ይቻላል። የሚመታው ነገር የሌለው ተዋጊ ተራውን ለቀጣዩ ቢያሳልፍም የሚሄደው ግማሽ ነው። ፎርኔየስ ፊት ያለ ዋና ገጸ ባሕርይ በባዶ እጁ ከሚደበድብ፣ ተራውን ለፒክሲ ቢያሳልፍ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

አሁን ወደ ቅጣቱ። ጥቃታችሁ ከሳተ ሁለት ምልክት ይሄዳል። ጠላት ጥቃቱን ካመከነውም ሁለት። ከመለሰባችሁ ወይም ከጠጣው ደግሞ የቀረው ተራ ሁሉ ያልቃል። ያልታወቀ ጠላት ላይ በጅምላ እሳት መልቀቅ አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው። በአንድ ተዋጊ ሞክሩ። ውጤቱን አይታችሁ ቀጥሉ። አናላይዝ የሚባለው ስኪል የጠላትን ድክመት ስለሚያሳይ መጀመሪያ አካባቢ አንዱ አባላችሁ ቢይዘው ጥሩ ነው።

ጠላትም በዚሁ ሕግ ይጫወታል። ከእናንተ አንዱ በረዶ የማይችል ከሆነና ጠላት በረዶ ከለቀቀ፣ ተጨማሪ ተራ ሰጣችሁት ማለት ነው። በአንድ ደካማ አባል ምክንያት ሙሉ ቡድን ሲረግፍ ታያላችሁ።

ስለ ፒክሲ አንድ ነገር፦ ዮዮጊ ፓርክ ስትደርሱ ልሂድ ወይ ብላ ትጠይቃለች። አትልቀቋት። ኋላ ላይ ደካማ መስላ ትታያለች፣ ከሌላ ጋር ልትቀላቅሏት ትችላላችሁ፤ ችግር የለውም። ግን ከእሷ የወጣውን ጋኔን፣ ከሱም የሚወጣውን ተከታትላችሁ ያዙ። ጌሙ የዘር ሐረጓን ይቆጥራል። አማላ ላብሪንት በሚባለው፣ ኋላ በምንመጣበት ውስብስብ ቦታ የመጨረሻ ወለል ላይ ለእሷ ብቻ የሚሆን ነገር አለ፤ እዚያ ያደረሳት ሰው ፒክሲን በሌቭል 80 መልሶ ያገኛታል። በጌሙ ውስጥ ካሉት ጠንካሮች አንዷ ሆና ነው የምትመለሰው።

3. ማጋታማን እንደ ልብስ ሳይሆን እንደ ውሳኔ እዩት

ዋናው ገጸ ባሕርይ ሰይፍም ጥሩርም የለውም። ያለው ማጋታማ ነው፤ የሚውጠው፣ ውስጡ የሚላወስ ትል መሰል ነገር። በጠቅላላው 25 አሉ። አንዱን ስትውጡ ሦስት ነገር ይለወጣል፦ ኃይላችሁ፣ የምትቋቋሙትና የማትቋቋሙት የጥቃት ዓይነት፣ እንዲሁም ሌቭል ስትጨምሩ የምትማሩት ስኪል። ውጊያ መሐል መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ አዲስ ሕንጻ ስትገቡ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ውጊያዎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፣ ምን ዓይነት ጥቃት እንደሚበዛ ለዩ፣ ከዚያ ሜኑ ከፍታችሁ የሚስማማውን ዋጡ።

ብዙ ሰው የሚያልቀው እዚህ ነው። አንክ የሚባለው ማጋታማ ከብርሃን ጥቃት ይጠብቃል፣ ጥሩ ፈውስም ያስተምራል። በጨለማ ጥቃት በኩል ግን ክፍት ያደርጋችኋል። ሙዶ የሚባለው የጨለማ ጥቃት ጉዳት አያደርስም፤ ከያዘ በአንዴ ይገድላል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ከሞተ ደግሞ ጌም ኦቨር ነው። ሦስቱ ጓደኞቻችሁ ሙሉ ጤና ይዘው ቆመው ቢሆንም፣ ኪሳችሁ ማስነሻ ዕቃ ሞልቶ ቢሆንም። አንክን ውጣችሁ ሙዶ የሚወረውር ጠላት ያለበት ቦታ መዞር ሕይወታችሁን በዕጣ መጫወት ነው።

ስለ ስኪል፦ የሚያዘው ስምንት ብቻ ነው። ዘጠነኛ ሲመጣ አንዱን ትጥላላችሁ። የጣላችሁት አይመለስም። ስለዚህ ፎግ ብሬዝ የሚባለውን ስኪል «ጉዳት አያደርስም» ብላችሁ እንዳትጥሉት፤ ከታች እንገናኛለን።

በየሌቭሉ የምትሰጡትን አንድ ነጥብ በተመለከተ የኔ ምክር አጭር ነው። ጉልበትና ቫይታሊቲ ላይ አተኩሩ። አስማት መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፣ በኋላ ግን የዋናው ገጸ ባሕርይ አስማት እየደከመ ይሄዳል፤ እሱን ለአጋንንቱ ተዉላቸው።

4. ከመምታት በፊት አናግሩ

ቡድን የሚሠራው በንግግር ነው። ጠላት ሆኖ የመጣውን ጋኔን ማናገር ትችላላችሁ። ማካ ይጠይቃል፣ ገንዘቡ ማለት ነው። ዕቃ ይጠይቃል። አንዳንዴ ከበድ ያለ የሕይወት ጥያቄ ጣል ያደርጋል። አንዳንዱ ተቀብሎ ይገባል፣ አንዳንዱ ብሩን ይዞ እብስ ይላል። አይክፋችሁ፣ የጨዋታው አካል ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ካጉትሱቺን ተመልከቱ። እንደ ጨረቃ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሙሉ ሲሆን አጋንንቱ ይሰክራሉ፣ የሚሉት አይያዝም፤ ያን ጊዜ ድርድር ከንቱ ልፋት ነው። በሌላ በኩል ሙሉ ሲሆን የሚከፈቱ አንዳንድ ሣጥኖች የተሻለ ዕቃ ይሰጣሉ። አንድ ጠቃሚ ነገር ደግሞ፦ እናንተ ዘንድ ያለ ዓይነት ጋኔን ጠላት ሆኖ ከመጣ አናግሩት። ወገኑን ሲያይ ብዙ ጊዜ ሳይዋጋ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ስጦታም ይሰጣል። ደክሟችሁ ወደ ተርሚናል ስትመለሱ ይህ ሕይወት ያድናል።

5. አትላመዱ፣ ቀላቅሉ

አጋንንት ሌቭል ሲጨምሩ ቀስ እያሉ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጥሏቸው ይሄዳል። ስለዚህ የምትወዱትን ጋኔን ለሃያ ሰዓት ይዞ መዞር ዋጋ ያስከፍላል። ሺቡያ ያለውን ጨምሮ በየቦታው የጥላዎች ካቴድራል አለ፤ ሁለት አጋንንት ሰጥታችሁ አዲስ ትወስዳላችሁ። ውጤቱን ቀድሞ ያሳያችኋል። ከእናንተ ሌቭል በላይ የሆነ ግን አይሠራም።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያላችሁን በመዝገቡ ላይ አስመዝግቡ፤ የተመዘገበ ጋኔን በማካ ተመልሶ ይገዛል። ቀጥሎ የጎደላችሁን ጠይቁ። ፈዋሽ አለ? ባፍ የሚያደርግ፣ ማለትም የወገንን ኃይል የሚጨምር አለ? የጠላትን የሚቀንስስ፣ ዲባፍ የሚባለው? እነዚህ ሦስቱ ሳይሟሉ አራተኛ ደብዳቢ አትጨምሩ። እኔ ብሆን ማንኛውንም ቆንጆ እሳት ለአንድ ጥሩ ባፍ እለውጣለሁ። በዚህ ጌም ባፍና ዲባፍ በተራ ብዛት አያልቁም። አንዱ በሌላው ላይ እስከ አራት ጊዜ ይደረባሉ፣ አንድ ሰው በስኪል እስኪያጠፋቸው ድረስም ይቆያሉ።

6. ማታዶር

አሁን ሁሉም ነገር እዚህ ይገናኛል። ማታዶር የሚያደርገውን በቅደም ተከተል እንየው።

ውጊያው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ቀይ ጨርቁን ያወዛውዛል። ሬድ ካፖቴ ይባላል። ኢላማ የመምታትና የማምለጥ ችሎታውን በአንዴ ጣሪያ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ትስታላችሁ፤ አንድ ሲስት ደግሞ ሁለት ምልክት ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ከሳታችሁ ተራችሁ አለቀ። ሌቭል ያሳደገ ሰው የሚወድቀው ለዚህ ነው፤ ጠንካራ ጡጫ የሳተ ጡጫ ከሆነ ምን ይረባል?

ከዚህ ሌላ ማዛን አለው፤ መላውን ቡድን የሚመታ የፎርስ፣ ማለትም የንፋስ ጥቃት። ከአራታችሁ አንዱ ንፋስ የማይችል ከሆነ ማታዶር በነፃ ተራ ያገኛል። ሰይፉም ደጋግሞ ይመታል። ፎከስ ካደረገ ቀጣዩ የሰይፍ ምት ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት፦

ሂፉሚ የሚባለውን ማጋታማ ከሱቅ ግዙና ዋጡ። ንፋስን ሙሉ በሙሉ ያመክናል። ማታዶር ማዛን በለቀቀ ቁጥር ዋናው ገጸ ባሕርይ ላይ ሲመክንበት፣ ተራ የሚያጣው እሱ ነው።

ንፋስ የማይችሉ አጋንንትን ከቡድኑ አውጡ። ሌቭላቸው ከፍ ያለ ቢሆንም፣ ብትወዷቸውም። የየአንዳንዱን ዝርዝር ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ በስሜት አትሂዱ።

ፎግ ብሬዝን ያዙ። ዋዳትሱሚ የሚባለው የበረዶ ማጋታማ ገና በጊዜ ያስተምረዋል። የጠላትን የመምታትና የማምለጥ ችሎታ በአንዴ ሁለት እርከን ያወርዳል። ሱኩንዳ ያለው ጋኔን ካላችሁም ጥሩ ነው፣ እሱ የሚያወርደው አንድ አንድ እርከን ነው። ሱኩካጃ ደግሞ የእናንተን ከፍ ያደርጋል።

ከገባችሁ በኋላ ቀይ ጨርቁን እስኪያወዛውዝ በመጠኑ ምቱ። ካወዛወዘ በኋላ ጥቃት አቁሙ። ሁለት ፎግ ብሬዝ ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ተጨማሪ ሁለት ከጨመራችሁ እሱ ራሱ መሳት ይጀምራል። እንደገና ጨርቁን ቢያወዛውዝ አትናደዱ፤ ያ ተራ ሰይፍ ያልሰነዘረበት ተራ ነው፣ እናንተም እንደገና ታወርዱታላችሁ። ፎከስ ሲያደርግ ካያችሁ የሚቀጥለውን ተራ ለፈውስ ስጡ። ሲያፌዝባችሁ፣ ታውንት ይባላል፣ መከላከያችሁ ይወርዳል፤ የማጥቃት ኃይላችሁ ግን ይጨምራል። ስለዚህ ጤናችሁ ሙሉ ከሆነ መምታት ያለባችሁ ያኔ ነው።

ከወደቀ በኋላ አንድ መቅረዝ ይተዋል። አስቀምጡት።

7. ኢኬቡኩሮ

እዚህ ማንትራ የሚባለው ቡድን ይዟችሁ ለፍርድ ያቀርባችኋል። ፍርዱ ውጊያ ነው፤ ኦርትሩስ፣ ከዚያ ያክሲኒ፣ በመጨረሻ ቶር። እሳት፣ ንፋስ፣ መብረቅ። ለማታዶር የተዘጋጀ ቡድን ግማሹን መንገድ ሄዷል። ዋዳትሱሚን ብቻ አውጡት፤ መብረቅ አይችልም፣ ቶር ደግሞ መብረቅ ራሱ ነው። ከዚህ በኋላ ያሉት ቦሶች በዚሁ መንገድ ይሸነፋሉ፦ ምን እንደሚወረውር ለዩ፣ ማጋታማ ምረጡ፣ ደካማውን አውጡ፣ ባፍ ደርቡ።

8. አማላ ላብሪንትና መጨረሻዎቹ

ጌሙ ስድስት መጨረሻ አለው። ሦስቱ አዲስ ዓለም መፍጠር ከሚፈልጉ ሦስት ሰዎች ጋር የተያያዙ ናቸው። ሂካዋ ሺጂማ የሚባል ዓለም ይፈልጋል፤ «እኔ» የሚል ነገር የሌለበት ፍጹም ጸጥታ። የክፍል ጓደኛችሁ ቺያኪ ዮሱጋን ትፈልጋለች፤ ብርቱው ብቻ የሚኖርበት። ሌላው ጓደኛችሁ ኢሳሙ ሙሱቢን፤ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው፣ ማንም ማንን የማይነካበት። ሦስቱም ጥሩ ሰው አይደሉም፣ ሦስቱም ትንሽ እውነት አላቸው። በየመንገዱ ሲጠይቋችሁ የምትመልሱት ይቆጠራል። ስለዚህ የውይይት ሣጥኖቹን ዝም ብላችሁ አትጫኑ። ማንንም ሳይደግፉ ወደ ነፃነት መጨረሻ መሄድ ይቻላል፣ ምንም ሳይወስኑ ደግሞ ወደ ጋኔን መጨረሻ።

ስድስተኛው የእውነተኛው ጋኔን መጨረሻ ነው። ለእሱ አማላ ላብሪንትን መጨረስ ግዴታ ነው። ካልፓ የሚባሉ አምስት ወለሎች አሉት፣ በተርሚናል በኩል ይገባል። ወደ ታች ለመውረድ እንደ ማታዶር ካሉት፣ ፊንድ ከሚባሉት ጠላቶች የሚገኙት መቅረዞች ያስፈልጋሉ። ከራእይ ዮሐንስ የተወሰዱት አራቱ ፈረሰኞችም ከእነሱ ውስጥ ናቸው፤ ነጩ፣ ቀዩ፣ ጥቁሩና ሐመሩ። በላብሪንቱ ውስጥ ደግሞ ራይዶ የሚባል አዳኝ ያሳድዳችኋል። በክፍያ ተጨማሪውን ያወረደ ሰው በእሱ ፈንታ የዴቭል ሜይ ክራይ ጌም ጀግና የሆነውን ዳንቴን ያገኛል። ታሪኩን በሙሉ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ላብሪንቱን መዝለል የለበትም፤ ዓለም ለምን እንዳለቀ በደንብ የሚነገረው እዚያ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። የአምስተኛውን ካልፓ መጨረሻ ያለፈ ሰው ሌሎቹ አምስት መጨረሻዎች ይዘጉበታል። ወደዚያ ከመውረዳችሁ በፊት ለብቻው የተቀመጠ ሴቭ ይኑራችሁ፤ በላዩ ላይ ሌላ አትጻፉበት። የካጉትሱቺን ግንብ ጫፍ ከመድረሳችሁ በፊትም እንዲሁ።